ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለፊትነስ ውድድር እየተዘጋጀሁ ወኔዬ ከዳኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ጂም ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ በቢኪኒ ምድብ፣ ማለትም የሰውነት ቅርጽ መድረክ ላይ በዳኞች በሚታይበት ውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልወዳደር ነው። ቁመቴ 1.64 ሜትር ነው። ክብደቴ ከ66 ኪሎ ወደ 60 ወርዷል፤ ጂም ያለው ማሽን የስብ መጠኔን 20 በመቶ ይለዋል። አሰልጣኜ በቀን 1,400 ካሎሪ ፈቅዶልኛል። ጠዋት አንድ ሰዓት ካርዲዮ፣ ማታ ክብደት እሠራለሁ። መጀመሪያ ላይ በደስታ ነበር የምሠራው። አሁን በትንሽ ነገር እናደዳለሁ፣ አልቅሺ አልቅሺ ይለኛል፣ ይበርደኛል፣ እንቅልፍም የለኝም። ሌሊት ተነስቼ ያገኘሁትን ሁሉ የበላሁበት ጊዜ አለ፤ በማግስቱ ካርዲዮውን እጥፍ ሠራሁ። የወር አበባዬም ከቀረ ሦስት ወር ሆኖታል። አሰልጣኜ «ሰውነትሽ ደርሷል፤ የቀረሽ የአሸናፊ ጭንቅላት ነው» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ይቅርብሽ፣ ሰውነትሽ አለቀ» ትላለች። የአሸናፊ ሥነ ልቦና እንዴት ላዳብር? ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ የጠየቁኝ ስለ ሥነ ልቦና ነው። እኔን ግን ቀድሞ ያሳሰበኝ በአንድ መስመር ጠቅሰውት ያለፉት ነገር ነው። የወር አበባዎ ሦስት ወር ቀርቷል። ከዚህ እንጀምር፤ የወኔው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ብስጭቱ፣ ልቅሶው፣ ብርዱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሌሊት ተነስቶ መብላቱ፣ የወር አበባው መቅረት። እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ የሚያይ ሐኪም ስለ ጭንቅላት ድክመት አያስብም። የሚያስበው ምግብ ስላነሰው ሰውነት ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ከ60 ኪሎዎ 20 በመቶው ስብ ከሆነ፣ 12 ኪሎው ስብ ነው ማለት ነው። ቀሪው 48 ኪሎ ጡንቻ፣ አጥንት፣ የውስጥ አካልና ውሃ ነው። በቀን 1,400 ካሎሪ ይበላሉ። የጠዋቱ ካርዲዮና የማታው ክብደት አንድ ላይ 500 ካሎሪ ያቃጥላሉ ብንል፣ የሚተርፈው 900 ነው። ልብ፣ አንጎል፣ ጉበት፣ አጥንት፣ የሰውነት ሙቀት፣ ሁሉም በዚህችው 900 መተዳደር አለባቸው። ለ48 ስናካፍለው ለአንድ ኪሎ 19 ካሎሪ እንኳ አይሞላም። በስፖርት ሕክምና ለሴት ጥሩ የሚባለው 45 ገደማ ነው። ከ30 በታች ሲወርድና ሲቆይ ሆርሞኖች መዛባት ይጀምራሉ። እርስዎ ከዚያም በጣም ዝቅ ብለዋል።

አንጎል እንዲህ ያለ እጥረት ሲገጥመው ቁጠባ ውስጥ ይገባል። በቅድሚያ የሚቆጥበው ለዛሬ ሕልውና በማያስፈልገው ሥራ ላይ ነው፤ እርግዝና ከዚያ ውስጥ አንዱ ነው። ወደ እንቁላል እጢዎች የሚላከው ትእዛዝ ይቀንሳል። ኤስትሮጅን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይቀራል። ኤስትሮጅን ሲወርድ ደግሞ አጥንት መሳሳት ይጀምራል። የታይሮይድ ሆርሞንም ዝቅ ስለሚል ነው ሰው ሁሉ በቲሸርት ሲሄድ እርስዎን የሚበርድዎ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ ሁኔታ ሬድ-ኤስ የሚል ስም ሰጥቶታል፤ በስፖርተኛ ላይ የሚደርስ የጉልበት እጥረት ማለት ነው። አሳሳቹ ነገር ክብደትዎ ለቁመትዎ ትክክለኛ መሆኑ ነው። ሚዛን ላይ ብቻ ያየዎት ሰው ምንም ችግር የለም ሊልዎት ይችላል።

ወንዶችም አያመልጡም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ያለ መድኃኒት የሚወዳደር ወንድ የሰውነት ግንባታ ስፖርተኛን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። እስከ ውድድሩ ድረስ በእረፍት ላይ ያለው የልብ ምቱ በደቂቃ ከ53 ወደ 27 ወረደ። ቴስቶስትሮኑ ሩብ ያህል ብቻ ቀረው። ስሜቱም አብሮ ወረደ። ለማገገም ወራት ፈጅቶበታል።

ስለ ጭንቅላት ጥንካሬ ሲነሳ ሁልጊዜ የምጠቅሰው አንድ ሙከራ አለ። በ1944 መጨረሻ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ወጣት ወንዶች ለረሃብ ጥናት በፈቃዳቸው ገቡ። ከብዙ አመልካች መሃል የተመረጡት በአካልም በአእምሮም ጤነኞች በመሆናቸው ነበር። ለስድስት ወር ያህል በቀን 1,600 ካሎሪ ገደማ እየበሉ በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩቡን አጡ። እነዚያ ጠንካራ ወጣቶች ቁጡ ሆኑ፣ አዘኑ፣ ከሰው ራቁ፣ በበጋ በረዳቸው። ቀኑን ሙሉ የሚያወሩት ስለ ምግብ ሆነ። ከዚያ በፊት ወጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ተደብቀው የበሉም ነበሩ፤ ከበሉ በኋላም በጸጸት ይቃጠሉ ነበር። ምግብ ሲመለስላቸው ደግሞ ጥጋብ አላውቅ ብለው የከረሙ ነበሩ።

አሁን የራስዎን ደብዳቤ መልሰው ያንብቡት። እነዚያን ሰዎች «የአሸናፊ ጭንቅላት የላችሁም» ይሏቸው ነበር?

ስለዚህ የመጀመሪያው የሥነ ልቦና ሥልጠናዎ ሳህን ላይ ነው። ሐኪም እስኪያዩ ድረስ በቀን ከ300 እስከ 600 ካሎሪ ይጨምሩ። ካርዲዮውን በግማሽ ይቀንሱ። በሳምንት አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን ይኑርዎ። ጭማሪው የግድ ሩዝና የዶሮ ደረት መሆን የለበትም። እንጀራ በምስር ወጥ ወይም በሽሮ፣ ከአንድ እንቁላል ጋር፣ ለስፖርተኛ የተከበረ ምግብ ነው። ከእናትዎ ጋር አንድ ማዕድ ላይ መቀመጥ መቻሉም ራሱ ያበረታል። ብዙ ተወዳዳሪ ምግቡን በፕላስቲክ ዕቃ ይዞ ለብቻው ሲበላ ወራት ያሳልፋል፤ ብቸኝነቱ ከረሃቡ ባልተናነሰ ይጎዳል።

ሌሊት ተነስተው የበሉበትን ቀን በእጥፍ ካርዲዮ መቅጣትዎን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ። ቅጣቱ ረሃቡን ያባብሰዋል፤ ረሃቡ ቀጣዩን ሌሊት ያመጣል። እንደዚያ ባደረጉ ማግስት ቁርስዎን በሰዓቱ ይብሉ፣ የተለመደውን ልምምድ ይሥሩ፣ በቃ።

ሰውነቱ በቂ ምግብ ሲያገኝ ስለ አሸናፊነት መነጋገር እንችላለን። እዚህ ላይ ከአሰልጣኝዎ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ብዙ ሰው የአሸናፊ ሥነ ልቦና ሲባል ሕመምን ንቆ ማለፍ ይመስለዋል። እኔ እስካሁን ያየኋቸው ረጅም ዓመት የቆዩ ስፖርተኞች ግን ሕመማቸውን በደንብ የሚያዳምጡ ናቸው። የጡንቻ ድካምን ከጉዳት፣ ስንፍናን ከረሃብ ለይተው ያውቃሉ። እልህ አላቸው፤ እልሃቸውን የሚያውሉበትን ቦታ ግን ይመርጣሉ።

የእርስዎ ስፖርት ከሩጫ የሚለይበት ነገርም አለ። ሯጭ ሰዓት አለው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ገባ ነው። በቢኪኒ ምድብ ዳኛ ነው የሚፈርደው። በዚያ ቀን ማን እንደሚመጣ አያውቁም። ዳኞቹ ቀጠን ያለ ወይም ጡንቻው ጎላ ያለ ሰውነት ይመርጡ እንደሆነም አያውቁም። ልብዎን ሙሉ በሙሉ በዋንጫው ላይ ከሰቀሉት፣ ጭንቀቱ ከእጅዎ ውጭ በሆነ ነገር ላይ ይሆናል። ስለዚህ በየሳምንቱ በእጅዎ ያሉ ሦስት ነገሮችን ብቻ ይጻፉ። ለምሳሌ «አራት ቀን ክብደት እሠራለሁ፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ ፖዝ (የመድረክ አቋቋም) እለማመዳለሁ፤ ስልኬን አራት ሰዓት ላይ ዘግቼ እተኛለሁ»። እሑድ ማታ ራስዎን የሚመዝኑት በእነዚህ ነው። እንቅልፍ ከሰባት ሰዓት በታች ከሆነ የቀረው ሁሉ ይንጋደዳል።

ሚዛኑን በተመለከተ፣ የአንድ ቀን ቁጥር ስለ ስብ ብዙም አይናገርም። ትናንት የበሉት ጨው፣ የጠጡት ውሃና የሆድ ድርቀት ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ጠዋት ብቻ ይመዘኑና የሳምንቱን አማካይ ይያዙ። ቁጥሩ ቀንዎን የሚያበላሽብዎ ከሆነ ደግሞ ሚዛኑን ለአሰልጣኙ ይተዉለት። የሌሎች ተወዳዳሪዎችን ፎቶ ማየቱንም ይቀንሱ። ያ ፎቶ የተነሳው በዓመቱ ምርጥ ቀን፣ በምርጥ መብራት ነው። እርስዎ የሚያወዳድሩት ከማክሰኞ ጠዋት መስታወትዎ ጋር ነው።

ለፈተና ሰዓት ደግሞ ውሳኔን አስቀድሞ መወሰን ይረዳል። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ያስተዋወቀው «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል አቀራረብ አለ። ቀላል ነው፣ ይሠራልም። «ሌሊት እርቦኝ ከነቃሁ፣ እርጎ በሙዝ ቁጭ ብዬ እበላና ተመልሼ እተኛለሁ።» «ጂም ሄጄ ሲሞቀኝም ድካሙ ካልለቀቀኝ፣ ክብደቱን ቀንሼ እጨርሳለሁ።» በረሃብና በድካም ሰዓት ከራስ ጋር ክርክር መግጠም አያዋጣም። ውሳኔው ተጽፎ ይጠብቅዎት።

መድረኩን በዓይነ ሕሊናዎ መለማመድም አለብዎ። ማሸነፍዎን ብቻ አያስቡ፤ ሲበላሽም ያስቡት። ዋናተኛው ማይክል ፌልፕስ በ2008 ቤጂንግ ላይ በ200 ሜትር ቢራቢሮ ሲዋኝ መነጽሩ ውሃ ሞላበት። ግድግዳው አይታየውም ነበር። የእጅ ምቱን እየቆጠረ ጨረሰና በዓለም ክብረ ወሰን ወርቅ ወሰደ። እንዲህ ያለ ችግር ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ በሐሳቡ ተለማምዶት ስለነበር አልደነገጠም። እርስዎም ዓይንዎን ጨፍነው ይሂዱበት። ከመድረክ ጀርባ ሰዓታት መጠበቅ፣ ቆዳ ላይ የተቀባው ቀለም ሽታ፣ ፊት ላይ የሚያርፈው መብራት። ቁጥርዎ ሲጠራ፣ በታኮው ጫማ ሲራመዱ፣ ወደ ጎን ሲዞሩ፣ ጀርባ ሲሰጡ። ከዚያ ታኮው ይንሸራተት። ዳኞቹ ከመሃል ወደ ዳር ያዛውሩዎት። ፈገግታዎ ሳይጠፋ ትከሻዎን መልሰው ሲያስተካክሉ ራስዎን ይዩ። ቤት ውስጥ ሲለማመዱም ጫማውን አድርገው ይሁን።

ልብዎ ሲመታ «ተረጋጊ» ብሎ ራስን ማዘዝ ብዙም አይረዳም። በ2014 የታተመ ጥናት ከመዝሙርና ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ እንደሠሩ አሳይቷል። የሚመታ ልብ ለደስታም ለፍርሃትም አንድ ነው፤ ስሙን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። በመጨረሻው ሳምንት ውሃ አቋርጪ፣ ወይም የሚያሸና ኪኒን ውሰጂ የሚልዎ ሰው ካለ፣ እንቢ ይበሉ። ሶዲየምና ፖታሲየም ሲዛቡ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል። ታዋቂው የሰውነት ግንባታ ስፖርተኛ መሐመድ ቤናዚዛ በ1992 ሆላንድ ውስጥ ውድድር እንደጨረሰ የሞተው በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። የ33 ዓመት ሰው ነበር። ለዋንጫ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ሐኪም ጉዳይ። በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። ምንም እርግጠኛ ቢሆኑ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ። ቀጥሎ የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲን፣ የኤፍኤስኤችና የኤስትሮጅን ሆርሞኖች ምርመራ፣ የብረት ክምችት፣ ቫይታሚን ዲ፣ የደም ጨዎች፣ የልብ ምት ምርመራ። የወር አበባዎ መቅረት ስድስት ወር ከደረሰ ወይም አጥንትዎ ተሰብሮ ከነበረ፣ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም ይጠይቁ። «የወሊድ መቆጣጠሪያ ውሰጂ፣ ይመጣል» ቢሉዎት ይጠንቀቁ። ኪኒኑ ደም ያመጣል፤ የጉልበት እጥረቱን ግን አያስተካክልም፣ አጥንትዎንም በሚገባ አይጠብቅም። ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን ካመመዎ ወይም ልብዎ ከተዘበራረቀ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከበሉ በኋላ ማስመለስ ከጀመሩ ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብዎም አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 988 ይደውሉ።

አሰልጣኝዎን ያነጋግሩ። ይህን ሂሳብ ያሳዩት፤ የወር አበባዎ መቅረቱንም ይንገሩት። ምናልባት አልነገሩትም ይሆናል፤ ብዙ ሴቶች ከወንድ አሰልጣኝ ጋር ይህን ማውራት ያፍራሉ። ጥሩ አሰልጣኝ ሲሰማ ዕቅዱን ይለውጣል። ሰምቶም «ቻዪው» የሚል ከሆነ ሌላ አሰልጣኝ ይፈልጉ።

ይቅርብኝ ወይ ላሉት፣ ስፖርቱ አይቅርብዎ። የዘጠኝ ሳምንቱ ውድድር ግን፣ እኔ ሐኪምዎ ብሆን፣ ይለፍዎ እል ነበር። አሁን ካሉበት ወደ መድረክ ለመድረስ ገና ስብ መቀነስ አለብዎ፤ ያ ማለት የጎደለውን ይበልጥ ማጉደል ነው። ስድስት ወር በደንብ እየበሉ ክብደት ያንሱ። የወር አበባዎ ተመልሶ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በሰዓቱ ይምጣ። ከዚያ በሳምንት ከክብደትዎ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ በማይበልጥ ፍጥነት የሚቀንስ አዲስ ዕቅድ ያውጡ፤ ከውድድሩ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ምግብም በዕቅዱ ውስጥ ይጻፍ። ለእናትዎም ይህን ዕቅድ ያሳዩአቸው።