ካርቶኑን እንዳትጥዪው፦ ከፍኖተ ሰላም ለጠየቅሽው እህቴ

«አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው ሱፐር ኔንቴንዶ የሚባል የቴሌቪዥን ጨዋታ ማሽን ከነካርቶኑና ከስድስት የጨዋታ ካሴቶቹ ጋር ቆጥ ላይ ተገኘ፤ አንድ ነጋዴ 5,000 ብር ሰጠኝ፤ ልሽጠው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እህቴ፣ እባክሽ አትሽጪው። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ በዚሁ ዕቃ ተቃጥያለሁ፤ አንቺም ስትቃጠዪ ማየት አልፈልግም።

1. ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው። የአሜሪካ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። በ2004 ዓ.ም. አክስቴ ለፋሲካ መጥታ የልጇን አሮጌ መጫወቻ ስትሰጠኝ ትራንስፎርመር መፈለግ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጥቁሯ ቻርጀር መጀመሪያ ሞቀች፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ በቃ።

2. ካርቶኑንና መጽሐፉን እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂ። ማሽኑ መቃጠሉ እንኳ ይህን ያህል አያንገበግበኝም። ከካሴቶቹ አንዱ ኧርዝባውንድ የሚባል ጨዋታ ነበር፤ ካርቶኑ ከሌሎቹ በጣም ይተልቃል። ውስጡ ባለ ቀለም የመምሪያ መጽሐፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ በጥፍር ሲፋቅ የሚሸት ወረቀት ነበረው። እናቴ በዚያን ጊዜ ቆሎ ትቸረችር ነበር። ማሽኑ ከተቃጠለ መጽሐፉ ምን ይሠራል ብዬ ገጾቹን እየገነጠልሁ የቆሎ መጠቅለያ አደረግሁላት። የቀረውን፣ ካሴቱንም ካርቶኑንም፣ ቆራሌው ከአንድ የተቀደደ ብረት ድስት ጋር በ80 ብር ወሰደው።

ከዓመታት በኋላ የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ያ ትልቁ ካርቶን አለ?» አለኝ። ጨዋታው አሜሪካ ውስጥ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገበያ ስላልቀናው በብዛት አልተሸጠም። ያን ጊዜ ልጆች የነበሩት ዛሬ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ኮሮና በ2020 እ.ኤ.አ. ቤት ሲዘጋባቸው የልጅነታቸውን መጫወቻ በገንዘባቸው መልሰው ይገዙ ጀመር፤ ዋጋውም ሰማይ ነካ። ካሴቱ ብቻውን በመቶዎች ዶላር፣ ከነካርቶኑና ከነመጽሐፉ ሲሆን ከሺህ ዶላር በላይ ይሸጣል። ስልኩን ዘግቼ ውጭ ወጥቼ ተቀመጥሁ። የአንቺ ነጋዴ የሰጠሽ 5,000 ብር ደግሞ፣ ምንዛሬው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 50 ዶላር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ የካሴቶቹን ስም አንድ በአንድ ጻፊልን፤ ዋጋው ያለው እዚያ ላይ ነው።

በሌላ በኩል በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አንድ ሱፐር ማሪዮ 64 የሚባል የኔንቴንዶ ጨዋታ ካሴት በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ሲባል ሰምተሽ እንዳትጓጊ። ያ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ፕላስቲኩ ያልተነካ ነበር። የተከፈተ ካሴት የራሱ ዋጋ አለው እንጂ እዚያ አይደርስም።

3. ወደ ውጭ ከላክሽ፣ ሲፈተሽ ዕቃው አጠገብ ቁሚ። በ2015 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከአንድ ቤተሰብ ካርቶኑ ያልተነካ ጌም ቦይ (በእጅ የሚያዝ የኔንቴንዶ መጫወቻ) ገዝቼ ለአክስቴ ልጅ ልልክ ወሰድሁ። ዕቃ የሚፈትሸው ሠራተኛ ቅጹ ላይ የጻፍሁትን ዋጋ አይቶ «ለልጅ መጫወቻ?» ብሎ በባልደረቦቹ ፊት ሳቀብኝ። ቀስ ብለህ ክፈተው፣ ዋጋው ካርቶኑ ነው ብዬ ለመንሁት። ምላጩን አወጣና ክዳኑን ከጥግ እስከ ጥግ ሰነጠቀው። አለቃው ዘንድ ብገባ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ዕቃው ተሸጠ፤ ግን ገዢው ስንጥቁን በፎቶ አይቶ ከተስማማንበት ግማሹን ቀነሰ። ያ ንቀት እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን በደንብ የተማርሁት። የካሴቱን ወረቀት በውሃም በበረኪናም እንዳትነኪው፤ መዳብ ጥርሶቹን ብቻ በጥጥና በአልኮል ጥረጊ። አፍሽን አስጠግተሽም እንዳትነፊበት፣ እርጥበቱ መዳቡን ይበላዋል። የካሴቱ ብሎን ተራ ባለመስቀል ከሆነ ተጠራጠሪ፤ የኔንቴንዶ ዋናው ሱፐር ኔንቴንዶ ካሴት በተራ መፍቻ አይፈታም። ጨዋታው የደረሰበትን ደረጃ የሚያስቀምጡት ካሴቶች ውስጣቸው ክብ ባትሪ አለ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ሞቶ ቢሆን አትደንግጪ፣ በብየዳ ይቀየራል። እኔ እስካሁን አሥራ አንድ ካሴት ላይ ቀይሬአለሁ፤ አንዱም አልተበላሸብኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ መፍቻውም ትራንስፎርመሩም አለኝ፣ አንድ ብር አልቀበልሽም። ስትመጪ ካርቶኑን በጋቢ ጠቅልዪው። ረዳቱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢልሽ እሺ እንዳትዪ፤ ጭንሽ ላይ ይዘሽው ነይ።