በሰንዳፋ ቤት ልግዛ?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በኪራይ ቤት የምኖር የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በሰንዳፋ ዳርቻ በገበሬ ይዞታ ላይ የተሠራ ባለሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከአቅሜ ጋር በሚስማማ ዋጋ፣ በመንደር ውል እንድገዛ ደላላ ይወተውተኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቤቱ የረከሰው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጠው መሬት የለውም፤ ስለዚህ ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት ወረቀት አፍራሽ ግብረ ኃይል በመጣ ቀን አያስጥልዎትም። እንዲህ ያለውን ነው ሰፈርተኛው «ጨረቃ ቤት» የሚለው።

አነስ ያለም ቢሆን ካርታ ያለው ቤት ይፈልጉ። ካርታውን በሻጩ እጅ አይተው አይመኑ፤ ወደ ከተማው መሬት አስተዳደር ሄደው ከማኅደሩ ጋር ያመሳክሩ፤ ዕዳና እገዳ መኖሩንም ይጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 እንደሚያዝዘውም ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም።

ከቀብድ በፊት አንድ ቀን ከሥራ ሲወጡ፣ ቅዳሜን ሳይሆን ሰኞን መርጠው፣ በታክሲ ወደ መንደሩ ይሂዱ። ቢጫ ጀሪካኖች በየበሩ ተደርድረው ካዩ፣ ስለ ውኃው ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቷን ይጠይቁ።