በኪራይ ሞተር ለሚደረግ የአልፕስ ጉዞ ከኪራዩ ሌላ ምን ወጪ ይያዝ?

ከሙኒክ በሚከራዩት ሞተር በ7 ቀን 1,800 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከኪራዩ ሌላ ለምን ለምን ወጪ ገንዘብ ልያዝ ላሉት፣ መጀመሪያ ትርፍ ኪሎ ሜትሩን ያስሉ፤ የጠቀሱት ውል በቀን 200 ብቻ ስለሚፈቅድ፣ የሚተርፈው 400 ኪሎ ሜትር በ30 ሳንቲም ሲባዛ 120 ዩሮ ይሆናል።

ሞተሩ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ከፈጀ ቤንዚኑ 90 ሊትር ነው። በስዊዘርላንድ ፈጣን መንገድ ለአንድ ቀን ቢነዱም የሚሸጠው የዓመት የመንገድ ክፍያ ፈቃድ (ቪኜት) ብቻ ስለሆነ 40 ፍራንክ ይያዙ፤ የኦስትሪያው የፈጣን መንገድ ፈቃድ ደግሞ የግሮስግሎክነርን የተራራ መንገድ ስለማይሸፍን፣ እዚያ መግቢያው ላይ ለብቻው ይከፈላል።

እኔን ያስቸገረኝ ግን አከራዩ ለሞተሩ ዋስትና የሚይዘው ገንዘብ፣ መያዣው ነው። ተመላሽ ነው ብዬ በወጪ ስሌቴ ውስጥ ያላስገባሁትን 1,500 ዩሮ አከራዩ ካርዴ ላይ አግዶት ስለነበር፣ በሦስተኛው ቀን ለሆቴል ስከፍል ካርዱ አልሠራም፤ ስለዚህ ለዕለት ወጪ ሌላ ካርድ ይያዙ።