ለአባትሽ ካልሲየም ከመግዛትሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አባትሽ የፕሮስቴት ካንሰር ታክመው ደህና ናቸው፤ መርፌያቸውንም በየሦስት ወሩ ይወጋሉ። አሁን ወገባቸውን ስላመማቸው «ካልሲየም ልግዛ ወይስ ወጌሻ ልጥራ?» ብለሻል። እኔም የጎንደር ሰው ነኝ፣ ቤቴ ማራኪ ሰፈር ነው። መርፌውም ወገቡም ደርሶብኛል።

1. ወጌሻ እንዳትጠሪ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ።

2. መርፌው የወንድ ሆርሞን ነው የሚያወርደው፤ ካንሰሩ የሚያድገው በሱ ነውና። ችግሩ አጥንትም የሚጠነክረው በዚያው ሆርሞን ነው። ሲወርድ አጥንት ከውስጥ ይሳሳል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ይህን የነገረኝ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ፒኤስኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ ለክተው «ጎበዝ፣ ወርዷል» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ጤፉ ከወፍጮ ሲመጣ ልጄን ሳልጠብቅ ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ወገቤ ቀጭ አለ። ወጌሻ መጣና ቅቤ ቀብቶ እንደ ሊጥ አሸኝ። ለካ የጀርባዬ አጥንት ተሰብሮ ኖሯል! ሁለት ወር ከአልጋ አልወረድኩም። ኮቴ ሁሉ ረዝሞብኛል፤ እኔ ነኝ ያጠርኩት።

3. ስለዚህ መጀመሪያ ወገባቸውን የራጅ ፎቶ ይነሱ። ሐኪሙ ሁለት ነገር መለየት አለበት፦ አጥንቱ ሳስቶ ነው ወይስ ካንሰሩ አጥንት ውስጥ ገብቶ? እግራቸው ከከዳቸው ወይም ሽንት ካስቸገራቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ከዚያ ዴክሳ የሚባለው የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ አለ። እኔ ማዘዣዬን ይዤ አንድ ቦታ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ካርድ ክፍል ያለው ልጅ ወረቀቱን አየና «አባባ፣ ይሄ የእናቶች ምርመራ ነው፤ ለባለቤትዎ ነው?» ብሎ ከጓደኛው ጋር ሳቀብኝ። 33 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንዲህ የደፈረኝ ተማሪ አልነበረም። ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። በኩርፊያዬ አምስት ወር አባከንኩ፤ ይህ የራሴ ጥፋት ነው። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ ተነሳሁ። ውጤቴ −3.1 ሆነ። −2.5 እና ከዚያ በታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ነው። አባትሽንም የሚስቅባቸው ካለ ዝም ብለው ይሰለፉ።

4 ላይ ነን? ካልሲየም ብቻውን አያድናቸውም። ለኔ የታዘዘልኝ አሌንድሮኔት የሚባል የአጥንት ኪኒን ነው፣ 70 ሚሊግራም፣ በሳምንት አንዴ። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት መተኛት የለም፣ ቡናም የለም። እኔ አንዴ በቡና ውጬ ጋደም አልኩና ደረቴን አቃጠለኝ። ኩላሊት ሳይታይ አይጀመርም። የሚነቀል ጥርስ ካላቸውም ቀድሞ ይነቀል፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ መንጋጋ ይጎዳል።

ካልሲየም ከምግቡ ጋር ተደምሮ በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ይበቃል፤ ቫይታሚን ዲም ይታዘዝላቸዋል። ጾም ላይ ወተት የለም፤ ሰሊጥና ጎመን አብዢላቸው። ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ መሞቅ ዋጋ የለውም፤ ክንዳቸውን ይግለጡ። በእግራቸውም ይሂዱ።

እኔ ዘንድሮ ለጥምቀት ታቦቱን ተከትዬ በዱላ እስከ ፋሲል መዋኛ ወርጃለሁ። ወጌሻውን እዚያው አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝና «አዩ ጋሼ፣ እጄ እንዲህ ነው!» አለኝ።