የጥጃ ኮቶሌት እንዳይጠነክር
እህቴ፣ «የጥጃ ኮቶሌት ስሠራ ሥጋው ይጠነክራል፣ ዳቦውም ይላቀቃል» ላልሽው፣ ችግሩ ከመጥበሱ በፊት ያለ ይመስለኛል። ሥጋውን ከታፋው፣ የሥጋውን ክር አቋርጦ እንዲቆርጥልሽ ለባለ ሥጋ ቤቱ ንገሪው። ላስቲክ አልብሰሽ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ቀስ እያልሽ ቀጥቅጪው። ጨው፣ ዱቄት፣ የተመታ እንቁላል፣ ከዚያ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ። ፍርፋሪውን ግን በእጅሽ እንዳትጫኚው! በዚህ ኮቶሌት የሚታወቁት የቪየና (የኦስትሪያ ዋና ከተማ) ሰዎች ቅርፊቱ ከሥጋው ትንሽ ተነስቶ እንዲነፋ ይፈልጋሉ፤ ከተጫነ አይነፋም። ፍርፋሪ ከለበሰ በኋላ ሳታቆዪ ጥበሺው፤ ከቆየ እርጥበት ይስባል። ዘይቱ በዛ ይበል፣ ሥጋው ይዋኝበት። ሙቀቱ 170 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በየጎኑ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ካቆየሽው ነው የሚደርቀው። ሲወጣ ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት፣ በጣም ነው የሚጣፍጠው።