ፓውቹ እርጥብ ሆኖ ሲወጣ

ጥያቄ፦ የጥርስ ክሊኒካችን አውቶክሌቭ (መሣሪያ በእንፋሎት የሚያመክን ማሽን) አሮጌ ነው፤ ቫኪዩም (አየሩን ስቦ የሚያወጣ ክፍል) የለውም። ፓውቾቹ (መሣሪያ የምናሽግባቸው የወረቀትና የፕላስቲክ ከረጢቶች) ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆነው ይወጣሉ። ሃንድፒሶቹንም (የጥርስ መሰርሰሪያ መያዣዎቹን) የምናመክነው በዚሁ ነው። ሰዓቱን ብናረዝም ይበቃል ወይስ አዲስ መግዛት ግድ ነው?

መልስ፦ ዶክተር፣ ሰዓቱን ማርዘም አያድንዎትም። ጠላቱ አየር ነው። እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ብረቱን ነክቶ ወደ ውሃ ሲለወጥና ሙቀቱን ሲያስረክብ ነው፤ አየር ከተቀመጠበት ቦታ ግን አይደርስም። የሃንድፒስ ውስጥ ደግሞ ቀጫጭን ቱቦ ነው። ቫኪዩም የሌለው ማሽን (ክላስ ኤን) አየሩን በእንፋሎት ገፍቶ ለማስወጣት ይሞክራል እንጂ ከቱቦ ውስጥ መጥጦ አያወጣም። የተሠራው ላልታሸገና ድፍን ለሆነ ዕቃ ነው። ለእርስዎ ሥራ የሚያስፈልገው ክላስ ቢ ነው፤ ይህ ማሽን አየሩን ደጋግሞ ስቦ እንፋሎት ይሞላል፣ መጨረሻ ላይም በቫኪዩም ያደርቃል። ክላስ ኤስ ርካሽ መስሎ ሊታይዎት ይችላል፤ ዳሩ ግን አምራቹ በጽሑፍ ከዘረዘረው ዕቃ ውጭ አይሠራም። ሃንድፒስ በዝርዝሩ ከሌለ ይተውት።

ነገር ግን ክላስ ቢም ቢሆን ካጨናነቁት ፓውቹን እርጥብ አድርጎ ይመልሰዋል። ፓውቾቹን አይደራርቧቸው፤ በመደርደሪያው ላይ በጠርዛቸው ያቁሟቸው፣ የአንዱ ወረቀት ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ይተያይ፣ ግድግዳውንም አይንኩ። የማድረቂያው ሰዓት ሳያልቅ በሩ አይከፈት። እርጥብ ወረቀት ጀርም ስለሚያሳልፍ እርጥብ የወጣ ፓውች እንዳልመከነ ይቆጠራል፤ በአዲስ ፓውች እንደገና ይታሸግና ይመለስ። ውሃውም ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ካልሲየሙን ቫልቩና ማጣሪያው ላይ ይጋግራል።

ማሽኑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ደም የደረቀበትን መሣሪያ አያመክንም። መሣሪያውን አስቀድሞ በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው የአልትራሶኒክ መታጠቢያ ውሃ ከ45 ዲግሪ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ፕሮቲኑ ረግቶ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ውሃው ቢያንስ በየቀኑ፣ ከቆሸሸም ቶሎ ይቀየር። ሃንድፒስ አምራቹ ካልፈቀደ እዚያ አይገባም። ውጩ ይጸዳል፣ ዘይት ይገባበታል፣ ትርፉ ዘይት በአየር ይነፋል፣ ከዚያ ይታሸጋል። ትርፉ ሳይወጣ ከቀረ እንፋሎቱን ይከለክላል።

አዲሱ ማሽን ሲገባ በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ መቆየቱን ማሽኑ ከሚያትመው ወረቀት ያረጋግጡ። ጠዋት ጠዋት ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት የሄሊክስ ሙከራ ይደረግ፤ በ1.5 ሜትር ጠባብ ቱቦ ጫፍ ያለው ወረቀት ቀለሙን በሙሉ ካልቀየረ አየሩ አልወጣም ማለት ነው። ፓውቹ ላይ የሚለወጠው ቀለም ግን ማሽን ውስጥ መግባቱን እንጂ መምከኑን አይነግርዎትም፤ ብዙ ክሊኒክ የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ የስፖር ሙከራ ያድርጉ፤ ይህ ሙቀትን በጣም የሚቋቋሙ ጀርሞች (ስፖር) ማሽኑ ውስጥ መሞታቸውን የሚያሳይ ነው። ካልተሳካ ማሽኑ ይቁም፤ በመጨረሻ ከተሳካው ሙከራ ወዲህ የወጣውና ገና ያልተከፈተው ዕቃ በሙሉ እንደገና ይምከን።

አሮጌውን አይጣሉት። ላልታሸገ፣ ድፍን ለሆነና ወዲያው ለሚሠሩበት መሣሪያ በሳምንታዊው የስፖር ሙከራ እስካለፈ ድረስ ያገለግላል።