በዓባይ ሸለቆ ጉምንና እሳትን ከሳተላይት ምስል ለይቶ ስለማወቅ

ከደጀን አካባቢ የጻፉልን የወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሁለት ችግሮችን አንሥተዋል። አንደኛው፣ ሌሊት የሚመለከቱት የኢንፍራሬድ (የሙቀት ጨረር) ምስል ሰማዩ ጥርት ያለ መሆኑን እያሳየ፣ ሲነጋ ግን ሸለቆው በጉም ተሞልቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ለአሽከርካሪ አስጊ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ በበጋ ወራት ካርታ ላይ በቀይ ነጥብ ወደተመለከተ እሳት ሰው ልከው፣ የተላከው ሰው ጭስም አመድም ሳያገኝ መመለሱ ነው። ጥያቄዎቹ የተራራቁ ቢመስሉም የሁለቱም መፍቻ አንድ ነው፤ እርሱም በ3.9 ማይክሮን የሞገድ ርዝመት (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ጨረርን የሚያነበው የሳተላይቱ ቻናልና ፀሐይ በዚህ ቻናል ላይ የምታመጣው ለውጥ ነው።

እርስዎ የሚጠቀሙበት የተለመደው የሌሊት ምስል በ10.8 ማይክሮን የተነሣ ነው። በእርሱ ላይ ከፍ ያለ ደመና ቀዝቃዛ ስለሆነ ይነጣል፣ ሞቃት መሬት ደግሞ ይጠቁራል። ጉም ግን መሬት ላይ የተኛ ደመና በመሆኑ የላይኛው ገጹ ሙቀት በአጠገቡ ካለው ደጋ መሬት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ዓይን ሊለየው አይችልም። በ3.9 ማይክሮን ነገሩ ይለወጣል፤ ከጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች የተሠራ ደመና በዚህ የሞገድ ርዝመት ጨረርን በሙሉ ስለማይለቅ ከእውነተኛ ሙቀቱ ይበልጥ የቀዘቀዘ መስሎ ይነበባል፣ ደመና የሌለበት መሬት ግን በሁለቱም ቻናሎች ተቀራራቢ ንባብ ይሰጣል። ስለዚህ ከ10.8ቱ ንባብ ላይ የ3.9ኙን ሲቀንሱ ጥቂት ዲግሪ የሚተርፍበት ቦታ በዝቅተኛ የጠብታ ደመና የተሸፈነ ነው። «የሌሊት ጉም» በሚል ስም የሚቀርበው ባለቀለም ምስል የተሠራው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው፤ ጉሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ውሃ ሰማያዊ፣ ከፍ ያለ ወፍራም ደመና ደግሞ ጥቁር ቀይ ሆኖ ይወጣል።

ለእርስዎ ቦታ ብቻ የሚሠራ ሌላ መፈተኛም አለ፤ እኔ ከቀለሙ ይልቅ በመጀመሪያ የምመለከተው ይህንን ነው። ቆላው ከደጋው ስለሚሞቅ፣ በጠራ ሌሊት የዓባይ ሸለቆ በ10.8ቱ ምስል ላይ ጎጃምን ከደቡብ ዞሮ የሚያቅፍ ጠማማ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ጉም ሸለቆውን ሲሞላው የሚለካው የጉሙ ገጽ እንጂ የቆላው መሬት ስላልሆነ መስመሩ እዚያ ቦታ ላይ ይደበዝዛል ወይም ይቆረጣል። የትናንቱን ጥርት ያለ ሌሊት ምስል ከዛሬው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ከደጀን በታች ያለውን ክፍል ቢያስተያዩ ልዩነቱ ግልጽ ይሆንልዎታል።

ሆኖም ሳተላይት የሚያየው የደመናውን ጀርባ ብቻ ነው፤ ሆዱ መሬት ይንካ ወይም ከመሬት ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ አይነግርዎትም። ይህንን ለመገመት ተከታታይ ምስሎችን ማየት ያስፈልጋል። ጠርዙ የሸለቆውን ቅርጽ ተከትሎ ለሰዓታት ካልተንቀሳቀሰ ጉም የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ በነፋስ የሚገፋ ከሆነ ደመና ነው። በክረምት ሌሊት ከላይ ሌላ ደመና ከተጋረደ ግን ዘዴው ስለማይሠራ፣ መንገዱ ዳር ላለ ሰው ስልክ መደወል ይሻላል። በተጨማሪም ፀሐይ ስትወጣ ጠብታዎቹ ብርሃኗን በ3.9 ማይክሮን ስለሚያንጸባርቁ ልዩነቱ ይጠፋል፣ ጉሙ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የተነሣውን የመጨረሻ ምስል ይያዙ፤ ብርሃን ሲበረታ ወደሚታይ ብርሃን ምስል ይሻገሩ። ምስሉ ላይ የተጻፈው የግሪንዊች ሰዓት ስለሆነ 3 ሲቀንሱለት የእኛ ሰዓት ይመጣልዎታል፤ የግሪንዊች 3:00 የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ነው።

ወደ እሳቱ ስንመጣ፣ 3.9 ማይክሮን ለነበልባል እጅግ ስሜታዊ ነው። የፒክሰሉን (ምስሉ የተሠራበትን የአንዱን ትንሽ ካሬ) ጥቂት ክፍል ብቻ የያዘ እሳት የ3.9ኙን ንባብ በብዙ ዲግሪ ከፍ ሲያደርገው የ10.8ቱ እምብዛም አይነቃነቅም። በመጋቢት ቀትር የሚግል ራቁት የቆላ መሬት ግን ሁለቱንም አብሮ ያሞቃል። በቀን ደግሞ ከጣና ሐይቅ፣ ከቆጋ ግድብ ውሃ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚንጸባረቅ ፀሐይ በ3.9 ማይክሮን እሳት ሊመስል ይችላል። በናሳ የእሳት ካርታ ላይ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር የመተማመኛ ደረጃ ተጽፎ ይገኛል፤ የቀን ሆኖ «ዝቅተኛ» የተባለውን ነጥብ ብቻውን ይዘው ሰው አይላኩ። የሌሊት ነጥብ የፀሐይ ነጸብራቅ ስለሌለበት የተሻለ ይታመናል፤ ሳይለቅ በየሌሊቱ እዚያው የሚታይ ነጥብ ግን ምናልባት የፋብሪካ ምድጃ ነው።

የላኩት ሰው ያላገኘው እሳት እውነተኛ ሊሆንም ይችላል። ኖዓ-20 እና ኖዓ-21 የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች የያዙት መሣሪያ ፒክሰል 375 ሜትር ስለሆነ፣ ነጥቡ 14 ሄክታር ገደማ የሚሆን ቦታ መካከል እንጂ እሳቱ የነደደበት ትክክለኛ ቦታ አይደለም፤ ፍለጋው በዙሪያው ጥቂት መቶ ሜትር መስፋት አለበት። ሳተላይቶቹ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስለሚያልፉ፣ ገበሬው ከሰዓት በኋላ አቃጥሎ ከመምሸቱ በፊት ያጠፋው ገለባ በካርታው ላይ ጨርሶ ላይመዘገብ ይችላል። ይህን ክፍተት የሚሞላው በየ15 ደቂቃው ምስል የሚልከው የአውሮፓ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ሜቲዮሳት-9 ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ስለቆመ ጎጃምን ከአናት አጠገብ ያያል፤ ፒክሰሉ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ግን ትንሽ እሳት ያመልጠዋል። የተቃጠለ መሬት ጠባሳ ለማረጋገጥ 10 እና 20 ሜትር ዝርዝር ያለውን የአውሮፓ ሳተላይት የሴንቲኔል-2ን ምስል እሳቱ ከታየበት ቀን በፊትና በኋላ ያለውን አውጥተው ያስተያዩ።

በአዊ ዞን ከደከረንስ ዛፍ (ከግራር ወገን ነው) የሚከሰለው ከሰል አፈር ለብሶ ስለሚጤስ በእነዚህ ሳተላይቶች አብዛኛውን ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ከዚያ አካባቢ ነጥብ አለመኖሩን የእሳት አለመኖር ማስረጃ አድርገው በሪፖርትዎ አያስገቡት።